ሱሉልታ ድረስ የምሄደው ለምን እንደሆነ

ሚሪ፣

ዛሬ ውሃ ስለሚመጣ ጀሪካኖቹን ሙዪ። ቁልፉን ለአከራያችን ለኦቦ ገመቹ ሰጥቻለሁ። ድስቱ ውስጥ ምስር አለ፤ ጨው ሳያንሰው አይቀርም።

እኔ ሱሉልታ ሄጃለሁ፤ የጭንቀት ሕመም ያለብን ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝበት ቡድን ጋ። ከቡራዩ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ የምሄደው እዚያ የሚያውቀኝ ሰው ስለሌለ ነው።
ይህን የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነበር።

አንቺ ግን ለቸርች እህቶች ስሜን ጠርተሽ የጸሎት ርዕስ አድርገሽ ሰጠሻቸው። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትናንት ሦስቱ መጥተው ዙሪያዬን ከበው እጅ ሲጭኑብኝ ትንፋሽ አጠረኝ፤ መላ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። እነሱ "እየለቀቃት ነው!" ብለው ጮኹ።
አንቺም "አሜን" አልሽ።

ሚሪ፣ እነሱስ አያውቁኝም። አንቺ ግን ያንን መንቀጥቀጥ ስንቴ አይተሻል? ጀርባዬን እያሻሸሽ፣ ቀስ ብለሽ አብረሽኝ እየተነፈስሽ ስንቴ አሳልፈሽልኛል?

"ከቤቴ ውጡ" ያልኩት ለእነሱ ነው። አንቺም ነጠላሽን አንስተሽ አብረሻቸው ወጣሽ።
ቤቱ ያንቺም ነው።

እስክመለስ አትደውይልኝ፤ ስልኬን እዘጋለሁ። አራት ቅዳሜ ሙሉ እዚያ ተቀምጬ ሌሎቹን ሳዳምጥ ነው የከረምኩት። ዛሬ እናገራለሁ። የትናንቱን አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ።

ያንቺን ስም ግን አልጠራም።

ትህትና