አቶ ገመዳ ዋቅቶላ እና ያልቀየሩት ሽጉጥ

ሰው በሕይወት እያለ ስሙን መቅበር ከማን ተማራችሁ? ለቀስተኞች ሆይ፣ መልሳችሁን የአቶ ገመዳን የሕይወት ታሪክ ከሰማችሁ በኋላ ስጡ።

አቶ ገመዳ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅቶላ ጉደታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳርቱ ሚያዝያ 1947 ዓ.ም. ካራ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። ኮተቤ እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. ወታደር ሆነው በመሣሪያ ጥገና ሠለጠኑ። በ1978 ዓ.ም. ወይዘሮ አባይነሽን አግብተው ሚልኬሳን፣ ጵርስቅላንና ኡርጂን ወለዱ። ሠራዊቱ ሲበተን ካራ ላይ በርና መስኮት የሚሠሩበት፣ ቁልፍ የሚጠግኑበት ሱቅ ከፈቱ።

በ1999 ዓ.ም. ጎረቤታቸው አቶ በዳዳ ሽጉጣቸውን ይዘው መጡ። የአቶ በዳዳ አባት በጠና ታመው ነበር። በሰፈሩ የሟች ክብር የሚለካው በቀብሩ ላይ በሚተኮሰው ጥይት ድምፅ ስለነበር፣ ሽጉጡ ከተሠራለት የበረታ ጥይት እንዲተኩስ ተደርጎ እንዲቀየርላቸው ለመኑ።

አቶ ገመዳ ሳቁባቸው። «አንተ በዳዳ፣ አባትህ ሳይሞት ተኩስ ትለማመዳለህ? ይልቅ ሄደህ ሾርባ አጠጣው።»

«ጋሼ፣ ተራራው ካልተናጋ ምኑን ልጅ ሆንኩ?»

«በሬን የጥጃ በረት ውስጥ ብታስገባ የሚፈርሰው በረቱ ነው። እኔ አልነካውም።»

ወይዘሮ አባይነሽ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆመው ይህን ሰምተዋል። ሽማግሌው ሲያርፉ ግን ሽጉጡ በቀብሩ ላይ ፈንድቶ የአቶ በዳዳን ሦስት ጣቶች ወሰደ። ማን ቀየረው ተብለው ሲጠየቁ የአቶ ገመዳን ስም ሰጡ። ፖሊስ አቶ ገመዳን መርምሮ ለቀቃቸው፤ እድሩ ግን ጠርቶ እንኳ ሳይጠይቅ ከአባልነት ሰረዛቸው።

ባለቤታቸው እውነቱን አደባባይ እንዲያወጡ ወተወቷቸው። «አባይነሽ፣ ሰውየው ጣቱን አጥቷል። ውሸታም የሚል ስም ደግሞ እኔ ልጨምርለት?» አሉ፤ ነገሩንም ዘጉት።

ከዚያ በኋላም ደስ ብሏቸው ኖሩ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብተው አራተኛ ፎቅ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ቲማቲም አበቀሉ፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል በወፍራም ድምፃቸው ዘመሩ። የሰረዛቸው እድር የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሲበላሽበት ያለ ኀፍረት ወደ እሳቸው ላከ። እየሳቁ ጠገኑለት። ይህ የእሳቸው ደግነት ነው፤ የእድሩ ንጽሕና አይደለም።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። በመዝሙር ያመሰገኑት ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ያኑር፤ የቀሩትንም ያጽና።

ይቅርታቸው የራሳቸው ነበር፤ ስማቸው ግን የልጆቻቸውም ነው። አቶ በዳዳ፣ ከለቀስተኛው መካከል እንዳሉ እናውቃለን። አፈሩ ሳይመለስ፣ ሽጉጡን የቀየረው ማን እንደሆነ በዚህ ሕዝብ ፊት ይናገሩ።