ለሕንፃችን ብቸኛ ሪሞት ያዥ

ለክቡር አቶ ከይረዲን፣
በካርቲየ 1 ሰፈር የምንሠራበት የንግድ ሕንፃ አስተዳዳሪ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ከባሕሩ እንኳ ትንፋሽ በማይመጣበት በዚህ ወር የቢሮዎ ክሊማ ቀዝቃዛ አየሩን ሳያቋርጥ እንዲነፍስልዎ፣ ይልቁንም የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት ከድካምና ከቁርጥማት እንድትጠበቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ አውራ ጣትዎ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። መላው ሕንፃ የሚያየው እሷ የነካችውን ነው።

ሰብለወርቅ እባላለሁ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቢሮዎ ማዶ ያለችው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። እርስዎ በመስታወት ከተከለለው ቢሮዎ ውስጥ ጀርባዎን ለኮሪደሩ ሰጥተው ስለሚቀመጡ ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ጀርባዎን በሚገባ አውቀዋለሁ። በአማርኛ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይዩብኝ። ድሬዳዋ ተወልደው እንዳደጉ፣ ሲቆጡ በፈረንሳይኛ፣ ሲደሰቱ ግን በአማርኛ እንደሚናገሩ ተከራዩ ሁሉ ያውቃል። ደስ ብሎዎት እንዲያነቡት አስቤ ነው።

አንደኛ፤ ምስጋና። ጣሪያችን ላይ እንደ እንጉዳይ ፈልተው የነበሩትን ዲሾች ሁሉ አስነቅለው፣ በምትካቸው ሁለት ትልልቅ ዲሾች፣ አንዱን ወደ ምሥራቅ አንዱን ወደ ምዕራብ፣ ስላስተከሉልን እናመሰግናለን። አገሬ በምዕራብ ሆና ድምፅዋ በምሥራቁ ዲሽ፣ ከባሕሩ በላይ መምጣቱ ሁልጊዜ ግራ ያጋባኛል፤ ፊቴን ወዴት አዙሬ መናፈቅ እንዳለብኝ አላውቅም። ይህ ግን የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

የማከፋፈያውን ንድፍ በማስመሪያ አስምረው ደረጃው ሥር የለጠፉልን ዕለት ሁላችንም ቆመን አደነቅን። ከጣሪያ የሚወርደው ወፍራም ኬብል፣ በየፎቁ ያለው መከፋፈያ፣ ወደ እያንዳንዱ ሱቅ የሚገባው ቀጭን መስመር፣ ሁሉም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተስሎ ነበር። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ከበላይዋ «ሪሲቨር» ይላል። አንድ። ለዚህ ሁሉ ሱቅ አንድ። ማናችንም አልጠየቅንም። ንድፉ ያምር ነበር፤ በሚያምር ነገር ፊት ጥያቄ ማንሳት ያሳፍራል።

ሁለተኛ፤ ያቺን ሳጥን ለመሙላት ከየሱቁ ከሰበሰቧቸው ሪሲቨሮች መካከል የእኔው ተመርጦ የሕንፃው ልብ መሆኑ የሰጠኝን ክብር ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። አሁን ከቴሌቪዥንዎ ሥር፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ሳልፍ አረንጓዴ መብራቱን አያለሁ። የሚያውቀኝ ይመስለኛል። ሪሞቱን ሲረከቡኝ «የጋራ ንብረት በአንድ ሰው እጅ ሲሆን አይበላሽም» ማለትዎንም አልረሳሁም።

ሦስተኛ፤ በዚህ አሠራር እርስዎ ጣቢያ ሲቀይሩ ሕንፃው አብሮ ይቀየራል። ምድር ቤት ምግብ ቤት ያላት ሁዳ፣ ደንበኞቿ ሩዛቸውን ትተው ፍጹም ቅጣት ምት እስኪመታ ሲጠብቁ፣ ምንጣፍ የሚያጥብ ሳሙና ማስታወቂያ መጣባቸው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ማንኪያውን እንደያዘ ተነሥቶ «ገባ ወይስ አልገባም? እሱን እንኳ ንገሩንና ከዚያ እጠቡ!» ብሎ ጮኸ። ሁዳም «ተረጋጋ ወንድሜ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ከፈቀደ ማታ ዜና ላይ ታየዋለህ» አለችው። ሹፌሩ ሩዙን ሳይጨርስ ወጣ። ምንጣፍ ግን አሁን ሁላችንም ማጠብ እንችላለን፤ ለትምህርቱ እናመሰግናለን።

አራተኛ፤ ጫቱ ከገባ በኋላ ስላለው ጊዜ። ሰው በምርቃናው ሰዓት ምን ማየት እንደሚያምረው ጎረቤት ሊወስንለት አይገባም፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። መጀመሪያ የዓለም ዜና ይመጣል፣ ቀጥሎ ሬስሊንግ፣ ቀጥሎ የግመል እሽቅድምድም፤ ምርቃናው ሲበረታ ደግሞ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ደረጃውን ስወጣ ከየበሩ ያው አንድ ድምፅ ይከተለኛል። ዓረፍተ ነገሩ ሁዳ ቤት ይጀምርና እኔ ደጃፍ ላይ ያልቃል። አንዳንድ ቀን የራሴ ሐሳብ መሃል ላይ ይቋረጥና ሌላ ሐሳብ ይመጣል፤ እጄን አቁሜ፣ ይህን ደግሞ ማን ቀየረው እላለሁ። ክሊማዎ ብቻ ይሰማል።

አምስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዴ ስለሚቀንስ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዓርብ ከሰዓት ወደ እኔ የሚመጡት ሴቶች ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ናቸው፤ ዕረፍታቸው ያቺው ቀን ናት። ፀጉራቸውን ይሠራሉ፤ የሚመጡት ግን ለፀጉራቸው ብቻ አይደለም። ከእነሱ አንዷ ፅዮናዊት ናት። ታናሽ እህቷ አበሩ አገር ቤት በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የድምፅ ውድድር ላይ ትሳተፋለች። ፅዮናዊት ከቤት ስትወጣ አበሩ ጥርሷን ያልቀየረች ሕፃን ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ መልኳን አይታ አታውቅም። ስልኳ ድምፅ እንጂ ምስል አያመጣም፤ በእኔ ስልክ እንዳናይ ደግሞ የሕንፃችን ግድግዳ ኢንተርኔት አያስገባም።

ባለፈው ዓርብ አበሩ መድረክ ላይ ወጣች። ነጭ ቀሚስ። ረጅም አንገት። ፅዮናዊት «ውይ፣ እናቴን መሰለች!» አለች። ሙዚቃው ተጀመረ። አበሩ ማይኩን አስጠግታ አፏን ከፈተች።

ግመል።

ሹሩባዋ ገና ግማሽ የደረሰው ፅዮናዊት ማበጠሪያ የያዘ እጄን ይዛ፣ «እትዬ ሰብሌ፣ ግመሎቹ ሲጨርሱ እህቴ ትመለሳለች?» አለችኝ። ከኋላ አንዷ ልታስቃት ብላ «አይዞሽ፣ የፊተኛዋ ግመልም አንገቷ ያምራል» አለች። ፅዮናዊት ሳቀች፤ ሳቋ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ። መጥቼ መስታወትዎን አንኳኳሁ። ዞር ሳይሉ በመዳፍዎ «ቆይ» አሉኝ። ቆየሁ። ግመሎቹ ጨረሱ፤ አበሩም ጨርሳ ወርዳ ነበር። ለፍጻሜ ማለፏን የሰማነው እናትየው ስትደውል ነው።

ፍጻሜው የፊታችን ዓርብ ነው። ፅዮናዊት ከእሑድ ጀምሮ እየደወለች «ይታያል አይደል?» ትለኛለች። «ይታያል» እላታለሁ። በምን እንደሚታይ አላውቅም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የየሱቁ ሪሲቨር ወደየባለቤቱ ቢመለስ ከቆንጆው ንድፍዎ አንዲት መስመር እንኳ እንደማትጎድል በትሕትና እየጠቆምኩ፣ ይህ ከባድ ከሆነ ግን በዕለተ ዓርብ ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ እንዲያሳርፉልን፣ ለአውራ ጣትዎም ከሰዓት በኋላ አንዲት ዕረፍት እንዲሰጧት እለምናለሁ። እሷም እንደ ሴቶቹ በሳምንት አንድ ቀን ይገባታል።

የመረጡልኝን ሁሉ ያለ ምርጫ የማይ፣ ምንጣፍ አጠባን፣ የሬስሊንግን ሕግና የግመልን ዘር በእርስዎ ደግነት የተማርኩ፣ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ጀርባዎን በየዕለቱ የማከብር፣
ታዛዥ ተከራይዎ
ሰብለወርቅ
ረቡዕ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ደብዳቤውን ረቡዕ ጨርሼ ደረጃው ሥር ከደረስኩ በኋላ ልቤ ከዳኝና ከንድፍዎ አጠገብ ሳልለጥፈው ተመለስኩ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። አሁን የምለጥፈው ሪሲቨሩን የሚያይ ቴክኒሻን እያስፈለጉ መሆኑን ሰምቼ፣ በከንቱ እንዳይደክሙ ብዬ ነው። ያስረከብኩዎ ሪሞት፣ የመጀመሪያው ሲጠፋብኝ የገዛሁት ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያው ሐሙስ ዕለት ከፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን መሳቢያዬ ሥር ተገኘ። መስታወትዎ እጅግ ንጹሕ ስለሆነ የሪሞት ጨረር እንኳ አያግድም። ትናንት እርስዎ ወደ ግመሎቹ በቀየሩ ቁጥር ወደ አበሩ ሲመለስ የነበረው፣ በጥፊ የመቱትም ሪሲቨር ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ከኋላዎ ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ሳሰጣ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፅዮናዊት እህቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየቻት። አበሩ ሁለተኛ ወጣች። እርስዎም ተስፋ ቆርጠው ሪሞቱን ካስቀመጡ በኋላ፣ ጠረጴዛውን በጣትዎ እየመቱ አብረዋት ሲያዜሙ ሁላችንም ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ሆነን ሰማንዎ። በአማርኛ ነበር። የተገኘውን ሪሞት ልመልስልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እንዳሉት ነው፤ የጋራ ንብረት በአንድ ሰው እጅ ሲሆን አይበላሽም።