ለቅሶ ነው ብለው የመጡ ዕለት

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ያምዎታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደረጃ መውጣት አቅቶዎት ሱቁን ለልጅዎ ለሃብታሙ እንደለቀቁለትም ሰምቻለሁ። እሱስ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምነግርዎት ደስ እንዲልዎት ብዬ አይደለም። ደህና ሆኜ የምጽፍልዎት መሆኔን እንዲያውቁት ነው።

አዎ፣ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መንገድ ዳር ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ፍለጋ አልሄድኩም። በሕይወቴ የጻፍኩት ሁለተኛው ደብዳቤ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ለማን እንደሆነ ወደ ታች እነግርዎታለሁ። አንቺ ልበልዎት ብዬም አስቤ ነበር። ግን አንቺ ብዬ ከጀመርኩ የት እንደማቆም ስለማላውቅ፣ እንደ ልጅነቴ እርስዎ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ባለፈው የካቲት 18፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከጭድ ተራ ጀርባ ወዳለው ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። ተማሪዎቹ ከዕረፍት ገብተው ግቢው ጭር ብሏል። እርስዎ ነጠላዎን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ዓይንዎን እየጠረጉ ወደ በሩ ተጠጉ። በሩ ላይ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ የደፋች፣ አሮጌ የጥበቃ ካፖርት የለበሰች ሴትዮ ቆማ ነበር። ፊቷን አላዩትም። በር ጠባቂን ማን ቀና ብሎ ያያል። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ የኔ እህት፣ ለቅሶ ነው፣ የወንድሜ ልጅ እዚህ ትማራለች፣ አባቷ አርፏል፣ እሷ አልሰማችም፣ አደራሽን እንዳትነግሪያት፣ መርዶዋን አገሯ ነው የምትሰማው፣ ቶሎ በይልኝ መኪና ቆሞብኛል አሏት።

የኔ እህት ያሏት እኔ ነበርኩ።

በባልዎ በጋሼ ዘውገ ቀብር ላይ ከተያየን ሠላሳ ዓመት አልፎናልና አለማወቅዎ አይገርመኝም። እኔ ግን ገና ከመንገዱ ማዶ ሳሉ ነው ያወቅኩዎት። አረማመድዎን አውቀዋለሁ። በዚያው በር፣ እጄን እየጎተቱ፣ በዚያው አረማመድ አውጥተውኛል።

ረስተውት ከሆነ ልጻፈው። በ1967 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናታችን ከጎጃም እርስዎ ዘንድ ስትልከኝ የለመነችዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊደል አስቆጥሪልኝ ነው ያለችው። እርስዎም አስመዘገቡኝ፤ ይህን አልክድም። አራት ወር ተማርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥተው ጠሩኝ። ሽማግሌ ነበሩ። ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ሁለት እጄን ሞሉልኝ፣ ራሴን ዳበሱኝ። ለምን እንደዚያ እንዳዘኑልኝ አልገባኝም ነበር። አድጌ ገበያ መሃል ሳገኛቸው ነው የገባኝ። አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ከሞተች በኋላ ማን አሳደገሽ አሉኝ። እናቷ ሞታለች፣ አልሰማችም፣ እንዳይነግሯት ብለዋቸው ኖሯል። መርዶ ያለበትን ልጅ ማን ይከለክላል? ማንስ ለምን ቀረች ብሎ ይጠይቃል? እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር።

እናታችን ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄ ትማራለች እንዳለች ነው የኖረችው፤ እርስዎ በየፋሲካው እያስጻፉ ይልኩላት ነበርና። ዘንድሮ አንደኛ ወጣች። ዘንድሮ ሁለተኛ ወጣች። ቄሱ ሲያነቡላት እልል ትል ነበር አሉ። እኔ ደግሞ ሲኒማ ራስ አጠገብ ለሥራ በሰጡኝ ቤት ነበርኩ። የዚያን ቤት ነገር አልጽፍም፤ ቤቱንም ሰውዬውንም ያውቋቸዋል። ሁለት ጊዜ ሮጬ መጥቼ በርዎን አንኳኩቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እጄን ይዘው ወደዚያው መልሰውኛል። ለእናቴ ውሸት ነው ብዬ እንዳልጽፍላት ደግሞ መጻፍ አላውቅም ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ልጆቹ እትዬ ማነው ይሉኛል፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ማነው ስለምል ነው። መጀመሪያ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በመልክ ነበር የማውቀው። በኋላ እያንዳንዱን ልጅ ማን እንደሚረከብ የሚጻፍበት መዝገብ መጣ፣ እኔም የማነብ መስዬ ገልብጬ ይዤው ተገኘሁ። የልጆቹ ደኅንነት ተጠሪ መምህርት ሱሀይር አየችኝ፤ አልሳቀችብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ሲወጡ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ እየተቀመጠች ፊደል አስቆጠረችኝ። ሃምሳ ዓመቴ ነበር። ከመዝገቡ ላይ ያነበብኩትን የመጀመሪያ ስም ዛሬም አልረሳውም፤ ማሙሸት የሚባል የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፣ ተረካቢ አክስት።

ከስድስት ዓመት በፊት ስለ ልጆቹ ጥበቃ ስብሰባ ተጠራ። ተነሥቼ፣ በትምህርት ሰዓት ለለቅሶ የሚጠራ ልጅ ቢኖር፣ የመጣው ሰው መዝገብ ላይ ያለ ተረካቢም ቢሆን፣ ለወላጅ ተደውሎ ሳይጣራ አይሰጥ አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ። ርዕሰ መምህሩ፣ እትዬ፣ ለቅሶ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ፣ ሰው ሞተብኝ ያለን ማስረጃ አምጣ ልንል ነው አሉ። አንድ ወላጅ ከኋላ፣ ሬሳውን ተሸክመን እንምጣላችሁ እንዴ ብሎ አሳቃቸው። እኔም፣ ሬሳ ሳይኖር ለለቅሶ ተወስጄ ነው እስከ ሃምሳ ዓመቴ ፊደል ሳልለይ የቀረሁት አልኳቸው። ርዕሰ መምህሩ ብዕራቸውን አነሡ። ደንቡ ገባ፤ በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ተለጠፈ። እርስዎ ከሥሩ ቆመው ነበር የሚያለቅሱት።

የወንድማችን ልጅ ከጎጃም እርስዎ ዘንድ ተልካ እዚያ መማር ስትጀምር ማን እንደሆነች በመዝገቡ አውቄያለሁ። ተረካቢ በሚለው ላይ የእርስዎ ስም ነበር፤ እርስዎ ግን ከዚያ ማክሰኞ በፊት በሩ ድረስ መጥተው አያውቁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን እያስተካከልኩ ሳስገባት አክስቷ መሆኔን አልነገርኳትም። ቢሰሙ ትምህርት ቤት ይቀይሯት ነበር። ስሟን በዚህ ደብዳቤ አልጽፍም፤ ይህም ደንብ ነው።

ያን ማክሰኞ እግዜር ያጥናችሁ ብዬ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩዎት። ውሃ አመጣሁልዎት፤ ጠጥተው ብርጭቆውን ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። ከዚያ ለመምህርት ሱሀይር ነገርኳት። ልጅቷን ከክፍሏ አላስጠራናትም፤ ነገሩ ሳይጣራ ልጅ አይጠራም። የአባቷ ስልክ መዝገቡ ላይ ነበረ። ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አልተነሣም። በሦስተኛው ሟቹ ራሱ አነሣው። ሄሎ፣ ማን ልበል አለ። አውድማ ላይ ነበር፤ በሬ ሲነዱ ከኋላው ይሰማል። ሱሀይር ደህና ነዎት ወይ ስትለው፣ እኔማ ደህና ነኝ፣ ምነው፣ ልጄ ምን ሆነች አለ። ወንድሜን ስለየው ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበር። ድምፁን ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

ሲኒማ ራስ ጋ ቆሞ የሚጠብቅዎት ሚኒባስ ወደ ጎጃም እንዳልነበረ ውስጡ የተገኘው ደላላ ለፖሊሶቹ ተናግሯል። አዳማ፣ ሰው ቤት፣ ለሥራ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

ያን ጊዜ ምን እንደተመኘሁ ልንገርዎት። ነጠላዎን ከላይዎ ላይ ገፍፌ፣ እየጎተትኩ አንዋር መስጊድ አጠገብ ሱቅዎ ድረስ ወስጄ፣ ሃምሳ ዓመት እትዬ እትዬ በሚልዎት ነጋዴ ሁሉ ፊት ላቆምዎት ነበር። ከጥበቃ ቤቷ ስወጣ ሱሀይር ክንዴን ያዘችኝ። እትዬ፣ ልጅቷ በመስኮት ታያለች፣ ከጮኽሽ ነገ የሰፈሩ ሰው የሚያወራው ስለ እሷ ነው አለችኝ። ስለዚህ አልጮኽኩም። ፖሊሶቹ እስኪመጡ አጠገብዎ ተቀምጬ፣ የውሸት እንባዎን ሲጠርጉ እያየሁ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር ተሸክሜያለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የከበደኝ የለም። እርስዎ ዕድሜዎ ታይቶ በዋስ ሲወጡ ደግሞ መዝገቡን ከፍቼ፣ ስምዎን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

በቀል ነው ወይ ካሉኝ፣ አዎ ነው። ግን ያ ትንሹ ነው።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬን የጻፍኩት ለወንድማችን ነው። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል የለበትም፤ የእሷ ነገር ለአባቷ ብቻ በስልክ ተነግሮታል። የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው፤ ስለ ቆሎው፣ ስለዚያ ቤት፣ በየፋሲካው ይልኳቸው ስለነበሩት ደብዳቤዎች። ወንድማችን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ ለቄሱ ሰጥቶ አስነበበው። ለእናታችን ያነብቡላት የነበሩት ቄስ ልጅ ናቸው አሉ። እልል ያለ የለም። ዘንድሮ ከአገር ቤት አንድም ሰው ደጅዎን ያልረገጠው ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶዎት ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ልጅቷ ሦስት ወር መጠለያ እንደቆየች ያውቃሉ። ከዚያ ወዴት እንደሄደች ለማወቅ ሃብታሙን ሁለት ጊዜ መላክዎን አዲሷ ጥበቃ ስንታየሁ ነግራኛለች። ማነው ስትለው ተቆጣ አሉ። ትምህርት ቤቱ አይነግረውም። አባቷም ልጁን በአደራ ሊሰጥ የፈረመለትን ሰው ስም አይነግርዎትም።

እኔ በሩን ለቅቄያለሁ። በግንቦት፣ በራሴ ጥያቄ፣ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ሁሉም ምነው ብትታገሺ አሉኝ። ነገር ግን የትምህርት ቤት ሠራተኛ ተማሪ ወደ ቤቱ መውሰድ አይችልም። ይህንንም ደንብ ፈርሜበታለሁ፤ ለኔ ሲሆን እንዲላላ አልጠየቅኩም።

ይህን ስጽፍ ወረቀቱን በክንዴ ከልዬ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የቤት ሥራ የሚሠራ ሰው አለ። ፊደል ከጠፋሽ ጠይቂኝ ተብያለሁ። እስካሁን የጠፋኝ የለም።

በፖስታው ላይ አድራሻ አልጻፍኩም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንቺ የት ነው የምታድሪው ብለው ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ መጥተው በሬን ማንኳኳት ይችሉ ነበር።

እንግዲህ እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይማርልዎት። ዕድሜዎን ያርዝምልዎት፤ ይህን ከልቤ ነው የምመኘው። ጆሮዎንም ይጠብቅልዎት፣ ገና ብዙ የሚሰሙት አለ። ከዘንድሮ ፋሲካ ጀምሮ በየዓመቱ ስንተኛ እንደወጣች እየጻፍኩ እልክልዎታለሁ። ሃብታሙ ያንብብልዎት። የኔ ግን እውነት ይሆናል።

ታናሽ እህትዎ