በበራችን ቀለም የታሸጉ ቡሎኖች

አባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። ካረፍክ ሦስት ክረምት አለፈ፤ ለእኔ ግን ሁለት ነው፤ ከሜዳ፣ ከትግሉ፣ ተመልሼ የግቢያችንን በር እስካንኳኳ ድረስ በልቤ በሕይወት ነበርክ። በአማርኛ የምጽፈው ከአንተ ጋር ሌላ ቋንቋ ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ ቤታችን ውስጥ የሚናገረው የለም። እናቴ፣ አደይ፣ ከአንተ የለመደችውን እንኳ ትታዋለች፤ ዶሮዎቹን ስታባርር ብቻ ያንተ ስድብ ያመልጣታል።

ሰፈራችን ቪላጆ ጀኒዮ እንዳለ ነው። የበራችን አረንጓዴ ቀለም ተላልጦ ስለነበር ሰማያዊ ቀባነው። አሮጌዋ ማኪናህም እንደተውካት፣ ቴስታታዋ፣ የሞተሯ ክዳን፣ እንደወረደ ሸራ ለብሳ ጠበቀችን። አደይ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቃብርህ ድረስ በራስህ ማኪና መሄድ። ሜዳ ላይ የጭነት ማኪና ስትጠግን የኖረችው ሴት ልጅህ እጅጌዋን ሰበሰበች።

መቼም ታውቀዋለህ፤ አስቀድመው ሞተሩ ላይ ተተክለው ቴስታታውን የሚያስሩት ረጃጅም ቡሎኖች ጫፋቸው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ድረስ ይወርዳል፤ ጥርሳቸው በደንብ ካልታሸገ ውሃው እነሱን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ግማሾቹን በአዲስ ቀይረህ ነበር። ከተማዋ ተከብባ ማሸጊያ ብታጣ፣ በበራችን አረንጓዴ ቀለም አሽገሃቸዋል። ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። የቀሩትን አስገባሁ፣ ቴስታታውን ገጠምኩ፣ ውሃ ሞልቼ አስነሳሁ። በማግስቱ ከአንድ ቡሎን ዙሪያ ውሃ ይወጣ ነበር። የእኔ መስሎኝ አፈርኩ፤ ያንተ ሆኖ ተገኘ።

አደይ አሟሟትህን የነገረችኝ እንዲህ ነው። ሻሂህን ጠጣህ፣ ጋደም አልክ፣ አልነቃህም። አንድ ቀን እንኳ አልታመምክም። ይህን ይዤ ነበር እንቅልፍ ሲወስደኝ የኖረው።

ቴስታታውን መልሼ አውርጄ ያንተን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታሁ። መሃል ላይ የጀመርካቸው ንጹሕ ናቸው፤ ቀለሙ ስስና እኩል ነው። ወደ ዳር ስሄድ ይወፍራል፣ ይዝረከረካል። የመጨረሻው ጠሞ ገብቷል፤ ቀዳዳው ውስጥ አሮጌው ዝገት እንዳለ ነው። አባዬ፣ አንተ እኮ እጅህን ሳትታጠብ ብርጭቆ የማትነካ ሰው ነህ! ትንሽ አቧራ አይተህ ጋራዡን ሙሉ የምታተራምስ። ይህ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሥራ ነው። አንድ ቀን ያልታመመ ሰው እንዲህ አይሠራም። ታመህ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ታመህ፣ እየባሰብህ፣ ግን እየሠራህ።

ልጅ ሳለሁ ቀዳዳውን መጥረግ የእኔ ሥራ ነበር። ጣቴ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ አዞርና ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ አሳይሃለሁ፤ ካላየህ ማሸጊያ አታስነካም ነበር። የመጨረሻውን የሚጠርግልህ አጥተሃል። መርዶህን የሰማሁ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ ሞተሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ጠረግሁት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ከልማድ ወደ ጎን ዘረጋሁት፤ የሚያየው አልነበረም። በሰማያዊው ቀለም አሸግሁት፣ ደረቀ፣ አጠበቅሁት። ሌሎቹንም እንዲሁ አሽጌ ቴስታታውን መልሼ ገጠምኩ።

እሑድ ዕለት አደይ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማኪናህ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ መቃብርህ ድረስ ወሰደችን። መንገድ ላይ አደይ ያንተ ቡሎኖች እንዴት ነበሩ ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ጥብቅ ስለነበሩ አልነካኋቸውም አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ስለ ሕመምህ አልጠየቅኋትም።

ያንን ሰላማዊ እንቅልፍ ለእሷ ትቼላታለሁ፤ ያስፈልጋታል መሰለኝ። እኔ የማስታውስህ ግን ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለህ፣ ያንን የመጨረሻ ቡሎን ብቻህን ስታጠብቅ ነው። አንተንም፣ ያልጠረግኩልህን ቀዳዳም እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳም።

ልጅህ