በክር የተጠለፈው ቁጥር

ውድ ታናሼ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም፤ የልብስ ስፌት መኪናዬም ደህና ናት። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ስስቅ ጎኔን አሞኛል፤ ብቻዬን ስቄ አልጨርሰው ነገር! ከሳቁ በፊት ግን ኑዛዜ አለብኝና እሱን ላስቀድም።

ያንን ረጅም መልእክትህን አላነበብኩትም። "እህቴ፣ ዌብሳይታችንን ወደ ሌላ ሆስቲንግ አዛውሬዋለሁ" ብለህ ትጀምራለህ፤ ከዚያ ሰርቨር፣ ዶሜይን፣ አይፒ አድራሻ እያልክ ትወርዳለህ። እኔ ደግሞ የሚቆረጥ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበርና "እሺ የኔ ጌታ፣ ተባረክ" ብዬ መለስኩልህ። ያነበብኩ መስዬ!

ልትሄድ ሰሞን በዌብሳይታችን ስም ምርጫ ስንጨቃጨቅ ትዝ ይልሃል? እኔ "ዘመናዊ የሴቶች፣ የወንዶችና የሕፃናት ልብስ ስፌት" ይባል አልኩ። አንተ "ይህን ጽፎ ሳይጨርስ ደንበኛው ያረጃል" ብለህ ሳቅክብኝ። አኮረፍኩ። በዚያው ስም ሳንገዛ ቀረን። በመጨረሻዋ ቀን ሻንጣህን በአንድ እጅ ይዘህ፣ በሌላው እጅህ በጠመኔዬ የመቁረጫ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ 203.0.113.45 ብለህ ጻፍክልኝ። "ለጊዜው በዚህ ቁጥር ግቢ" አልክ። "ለጊዜው" የምትለዋን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ቁጥሩን ግን ወደድኩት፤ የሱቃችን የቤት ቁጥር መሰለኝ።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጠለፍኩት። አዲስ የተከፈተው ሆቴል ስልሳ የመታጠቢያ ጋዋን አዘዘኝና፣ አንገቱ ላይ በምትሰፋው ማርካ ሁሉ፣ በሰማያዊ ክር፣ አንድ በአንድ በእጄ። ነጥቦቹን እንኳ በቋጠሮ አሳመርኳቸው። ከሥሩ "ሥራችንን ይጎብኙ" አልኩበት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ብቻዬን ያገኘሁት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው፤ ኩራቴን ቢያዩት!

ማክሰኞ ጠዋት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደወለች።

"እመቤቴ፣ እነዚህ ጋዋኖች ውስጥ ምን አለ?"

"ጥጥ ነዋ! ንጹህ ጥጥ።"

"ትኋንስ?"

ለካ አንድ እንግዳ ገላውን ታጥቦ፣ ጋዋኑን ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለ ማርካውን አይቷል። ጥልፉ አምሮት ሰፊዋን ልወቃት ብሎ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈ። የወጣለት ምን መሰለህ? ድመት የሚያክል ትኋን! ከጎኑም "ያሳክክዎታል? አይጨነቁ፤ ደርሰንልዎታል" ይላል። ሰውዬው እያከከ በጋዋኑ እስከ እንግዳ መቀበያው ሮጠ።

"ስልሳውንም ነገ ጠዋት እመልስልዎታለሁ" አለችኝ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ላንተ ልደውል ቁጥርህን ከነካሁ በኋላ ተውኩት። "ካቃተሽ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ" ብለኸኛል፤ እንደምታደርገውም አውቃለሁ። መነጽሬን አደረግኩና መልእክትህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ዌብሳይታችንን አሁን የሚያስቀምጥልን ሆስቲንግ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትዕግሥቷ አያልቅም።

"እናቴ፣ የድሮው ቁጥር የእናንተ ንብረት አልነበረም፤ የሰርቨሩ ነው፤ ዌብሳይቱ ይቀመጥበት የነበረው ኮምፒውተር። እናንተ ስትለቁ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።"

"እሺ፣ አዲሱን ንገሪኝና እሱን ልጥለፍ።"

"ኧረ እንዳያደርጉት! በአዲሱ ቁጥር ከእናንተ ሌላ ስንት ዌብሳይት አለ መሰለዎት። ትልቅ ፎቅ ይበሉት። በሩ ላይ ቆመው የሕንጻውን ቁጥር ብቻ ቢነግሩት፣ ዘበኛው ማንን እንደፈለጉ በምን ያውቃል? ስም ይግዙ። ሰው ስሙን ይጠራል፤ ቁጥሩ ከተቀየረ ከስሙ ጎን ያለውን ማስተካከል ብቻ ነው… ቆይ፣ ምን አሉ? ልጥለፍ?"

"በክር ነዋ! ስልሳ ጋዋን ላይ።"

ከዚያ "ኑ፣ ኑ፣ ስሙ!" ብላ የሥራ ባልደረቦቿን ስትጠራ ሰማኋት። ሁሉም ሲስቁ እኔም ሳቄ መጣ።

ስም ማን ይባል ስትለኝ አላሰብኩበትም፤ አፌ ላይ የመጣው እናታችን ሁለታችንን የምትጠራበት ነው፦ መርፌና ክር። እኔ ቀድሜ፣ አንተ ተከትለህ። ስሙን ገዛሁ፤ ከጎኑ ባለችው ሣጥን አዲሱን ቁጥር በገዛ ጣቴ ሞላሁ፤ ቀሪውን ልጅቷ አያያዘችልኝ። እስኪሠራ ሰዓታት ይፈጃል ስትለኝ፣ እስከዚያ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ባለትኋኑ፣ የድሮው ቁጥራችን የደረሰው ተባይ አጥፊ ጋ ደወልኩ። ደግ ሰው ነው!

"እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለኝ። "እኔ እኮ ሰው ሁሉ 'ቀሚስ ትሰፋላችሁ ወይ' እያለ ሲደውልልኝ ሊያሳብደኝ ነበር!" ወዲያው ገጹ ራስ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ "ጋዋን አይተው የመጡ ከሆነ፣ ጋዋኑ ትኋን የለበትም። ሰፊዋን ለማግኘት እዚህ ይጫኑ።"

በማግስቱ ሆቴሉ ስደርስ ጋዋኖቹ በማዳበሪያ ተሞልተው በር ላይ ቆመዋል።

"ከመመለስዎ በፊት ስልክዎን ያውጡና ይህን ስም ይጻፉልኝ" አልኳት።

ጻፈች። ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ግን ሥራዬ አልነበረም፤ ለሙከራ ብለህ አስገብተህ ማውጣቱን የረሳኸው ፎቶ ነው፦ አንተ፣ ከነጢምህ፣ በሙሽራ ቀሚስ! ሴትየዋ ሳቋ አሸንፏት ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

"ክሩ ነው" አልኳት።

ጋዋኖቹ አልተመለሱም። ልብስ ማጠቢያ ክፍላቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ የሃምሳ ዘጠኙን ማርካ ፈታሁ፣ በስማችን ቀየርኩ። ስልሳኛውን ያ የሮጠው እንግዳ "እንዳትነኪብኝ!" ብሎ ከነቁጥሩ ገዝቶት ሄደ። ባለትኋኑም ለሠራተኞቹ ቱታ አዞኛል።

እንግዲህ ሥራህን ትተህ አትምጣ። ስንናፍቅህ ግን ና። ያንን ፎቶ አውጪው እንዳትለኝ፤ እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ አላወጣውም።

የአዲሱ ቤትህ ቁጥር ደርሶኛል፤ በዓመት ውስጥ ሦስተኛህ ነው። ሸሚዝ ሰፍቼ ልኬልሃለሁ። አንገቱ ላይ ስምህን በሰማያዊ ክር ጠልፌዋለሁ። የቤት ቁጥርህን ግን ፖስታው ላይ ነው የጻፍኩት፤ በእርሳስ።

መርፌዋ እህትህ