ከጀርባዬ ያወረድኳት ልጅ

ይድረስ ለማከብርዎ እናቴ ለወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ምንጃር።

እንደምን ከረሙ እናቴ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ዛሬም ሲነሱ ያምዎታል? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያጣድፍዎ ሳልስ ተወዎት? እዚህ እኔም ባለቤቴ ፍስሐም ልጃችን ይርጋለምም ከእርስዎ ናፍቆትና ከጎባ ውርጭ በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩትና ተቆጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ተቆጣሁ። ልጅቱ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት እስካሁን እንደማትድህ ሰምተው እግሯ ተይዟል ብለዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ወንድምሽ ተክለማርያም ይዟት ይመጣል፣ ጠበል አስጠምቄ እኔው አሳድጋታለሁ ብለዋል። እናቴ፣ ልጄን አልሰጥም። ይህን አስቀድሜ የነገርኩዎ የቀረውን ረጋ ብለው እንዲሰሙኝ ነው።

የልጄ እግር ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የአንቀልባው ነው። እርስዎ ዘንድ ወልጄ ስመለስ፣ የጎባ መሬት በረዶ ነው፣ ከጀርባሽ እንዳታወርጃት ብለው አዘዙኝ። እኔም ቃልዎን አክብሬ ስፈጭ አዝዬ፣ ገበያ ስወጣ አዝዬ፣ ስትተኛ አልጋ ላይ ጠቅልዬ ከረምኩ። መሬት ነክታ የማታውቅ ልጅ በምን ትድሃለች?

ይህን ያሳየችኝ ጎረቤቴ ሲምቦ ናት። የእሷ ልጅ ከእኔዋ ታንሳለች፣ ግን ግቢውን ሁሉ ታዳርሳለች። አንድ ቀን ቤቴ ገብታ ይርጋለም እንደታዘለች ብታገኛት፣ ይህቺን ልጅ መቼ ነው የምታወርጃት ብላ ሳቀችብኝ። ስለ ብርዱ ብነግራት፣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ አለችና ከቤቷ የገብስ ገለባ ታቅፋ መጣች። ገለባውን ነስንሰን አጎዛ አነጠፍንበት፤ ልጅቱንም በሆዷ አስተኛናት። እኔ ነጠላዬን ጠቅልዬ ደረቷ ሥር አደረግሁ፤ ሲምቦ ደግሞ እንድትገፋበት ብላ መዳፏን ከልጅቱ ውስጥ እግር አስደግፋ ያዘች።

ልጅቱ እሪ አለች፣ እናቴ፣ ሠፈሩ እስኪሰማ! ፍስሐ አንሻት ብሎ ለመነኝ፤ አላነሳኋትም። በማግስቱም መልሼ አስተኛኋት። ሰንብታ መንቀሳቀስ ስትጀምር ደግሞ ወደ ኋላዋ ሆነ። እየገፋች እየገፋች አልጋ ሥር ትገባና እዚያ ሆና ታለቅሳለች። የሠፈሩ ሴቶች አይተው ይሄ ምልክት ደግ አይደለም አሉ። ወደ ኋላም ቢሆን ሄዳለች አይደል እንዴ፣ አልኳቸው።

ቀጥሎ ያለውን ሲሰሙ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። እርስዎ ከዓይን ይጠብቃታል ብለው አንቀልባው ላይ የሰፉትን ዛጎል ፈታሁት። በወፍራም ሲባጎ ሰክቼ ከፊቷ መሬት ለመሬት ስጎትተው፣ ኮሽ ኮሽ ሲል፣ መጀመሪያ ዓይኗ ተከተለው፣ ከዚያ እጇ፣ ከዚያ ጉልበቷ። ፍስሐም የፍርድ ቤት ጸሐፊነቱን ረስቶ በዚያ በቢሮ ሱሪው እየዳኸ ያሳያት ነበር፤ ገለባ በገለባ ሆኖ ሥራ የሄደበት ቀን አለ። ባለፈው ቅዳሜ ይርጋለም ከምድጃው ዳር ተነስታ እስከ ደጃፉ ዳኸች። ዛጎሉንም ያዘችና ወደ አፏ! እኔ መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ ተክለማርያም ሊጠይቀን ከሆነ እሰየው፣ ጠቦት ይታረድለታል፤ ሊወስዳት ከሆነ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ለጠበሉም ቢሆን እዚህ ቤተ ክርስቲያን አልጠፋም። አንቀልባውንም ገበያ ስወጣ ካልሆነ አልነካውም።

ለአባቴ፣ ጉልበትዎን ስማለች ይበሉልኝ። ለእህቴ ለሰንበቴ፣ ዓይኗን ስሜያለሁ፤ እሷም ስትወልድ ልጇን ከጀርባዋ ታውርድ። ለተክለማርያም፣ እንዳይቀየመኝ። ለእርስዎ ግን ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም፤ ለፋሲካ ራስዎ ይምጡና ከልጅ ልጅዎ ይቀበሉ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ልጅቱን ቶሎ ብለው አያንሱብኝ። እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ እሷ ትመጣለች።

ልጅዎ ሸዋርጋ

ጎባ፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.