የናትናኤል ቁርስ

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የዓባያ ዳር ሙቀትስ ትንሽ በረድ አለ? ሙዙ ዘንድሮ እንዴት ይዟል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሲያናግሩኝ እመልሳለሁ። ይህን ወረቀት የሚያመጣልዎ ሾፌሩ ካሱ ነው፤ ሙዝ ሊጭን ወደ ምዕራብ ዓባያ ሲመጣ በእጅዎ እንዲሰጥዎ ነግሬዋለሁ። ለሰው አያስነብቡት። መሠረተ ትምህርት የተማሩት ለዚህ ይሁንና፣ መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ለብቻዎ ያንብቡት።

ከጨንቻ ስንዴ አስመጥተው ለልጅዎ ለጾሙ የላኩለት ቂንጬ ግማሹ ገና ጆንያው ውስጥ አለ። እኔ እንደሆንኩ ቂንጬ በጉሮሮዬ እንደማይወርድ ያውቃሉ፤ በሠርጋችን ሰሞን በግድ ቢያጎርሱኝ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ “ይቺ ልጅ ከስንዴ ጋር ምን ተጣልታ ነው?” ብለው ስቀውብኝ ነበር። ለሰው ልስጠው እልና እጄ እምቢ ይለኛል።

ጎረቤቴን ሻሺቱን ያስታውሷታል፣ ክሊኒክ የምትሠራዋን፣ አፏ የማያርፈውን። በናቲ አርባ ዕለት ድንኳን ውስጥ አጠገብዎ ተቀምጣ፣ “በባዶ ሆዱ የሚበር ሰው ቶሎ ራሱን ይስታል” ያለችዎ እሷ ናት። ያኔ ነው እጄን ይዘው፣ “ልጄ ጾሞ ነው እንዴ የወጣው?” ያሉኝ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየን ነበር። ዝም ስልዎ ፊትዎን በነጠላዎ ሸፈኑ። ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ እንደማይቀምሱ ካሱ ነገረኝ። የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው።

ስለቱን አውቃለሁ። “ልጄ የአብራሪነት ክንፉን ካገኘ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምልሃል” ብለው ለመድኃኔዓለም የተሳሉት እርስዎ፣ የሚጾመው እሱ። ባልደረባው ሳምሶን፣ “አንተ ሰውዬ፣ ማዘር ሆድህን አስይዘው ነው እንዴ ጄት ያመጡልህ?” እያለ ያበሽቀው ነበር። ናቲ ደግሞ ሳቅ ብሎ፣ “የራሴ ስለት ቢሆን በተደራደርኩ፤ የእናቴ ነው” ይለዋል።

ምን እንዳገኘው ሳምሶንን ጠየቅኩት። ያን ቀን በሌላው ጄት አብሮት ነበር። ጄቱ ወደ ታች ተወርውሮ ድንገት ወደ ላይ ሲቀና የሰውዬው ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል አለኝ። የገዛ እጁን ከጭኑ ላይ ማንሳት ያቅተዋል፤ ራሱ አንገቱ ላይ እንደተጫነ ኩንታል ይሆንበታል። ደሙ ከጭንቅላቱ ወደ እግሩ ይሸሻል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋና ሁሉም ነገር አመድ ይመስላል፤ ቀጥሎ ይጨልማል፤ ከዚያ እንቅልፍ ነው። ለዚህ ነው አየር የሚሞላ ሱሪ ታጥቀው፣ ጭናቸውንና ሆዳቸውን ጨምድደው፣ ትንፋሻቸውን እያፈኑ የሚያቃስቱት። ናቲም ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመደው ነበር። አንድ ቀን ሻሺቱ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ “አንቺ፣ ባልሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያምጠው?” አለችኝ። “መንታ ሳይሆን አይቀርም” አልኳት። ሰፈሩ ለሳምንት በዚህ ሲስቅ ከረመ።

ያን ቀን ለከተማው በዓል ትርኢት ነበር የሚለማመዱት። እርስዎ ከሙዝ ማሳዎ ሆነው ያዩት እሱን ነው። ዓባያ ላይ ተገልብጦ ወርዶ ወደ ላይ ሲቀና፣ ሳምሶን ማቃሰቱን በሬዲዮ ይሰማው ነበር። ከዚያ ማቃሰቱ ቆመ፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ሳምሶን ስሙን እየጠራ ጮኸ፤ አልነቃም። ስለዚህ አልተሰቃየም እማዬ። ውኃው ሲመጣ አላየውም።

ረጅም ሰው ላይ ይብሳል ብሎኛል፤ ልብና ጭንቅላቱ ይራራቃሉና ደሙ አይደርስም። ያ ቁመት ደግሞ የአባቱ ነው። ማን ይወቀሳል?

አሁን የጠየቁኝን ልመልስልዎ። በልቷል። ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ ከላኩት ቂንጬ ሠራሁለት። “ስለቱስ?” አለኝ። “ኃጢአቱ በእኔ” አልኩት። እሺ ብሎ ሳህኑን ጠርጎ በላ፤ እጁን ታጥቦ፣ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። የእርስዎ ስለት የሚያውቀው ነገር የለም። ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ። የሚመጣውን ሁዳዴ በእሱ ፈንታ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ቢቀየሙም እኔን ይቀየሙኝ፤ ራስዎን ግን ይተዉት።

ካሱ በር ላይ ክላክስ እየነፋ ነው። አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሻሺቱ፣ ሰዎቹ ሊያረዱኝ የመጡ ጊዜ አብራ ገብታ፣ ጠረጴዛው ላይ ቂንጬ እንደተሞላ የተከደነ ሳህን አይታለች። ልትጠይቅዎ ስትመጣ ታነሳብዎ ይሆናል። አይስሟት። እሱ የእኔ ድርሻ ነበር።

መድኃኔዓለም ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። በእኔ ሞት፣ ይህን አንብበው እንደጨረሱ እህል ይቅመሱ።

ምራትዎ ሳልሆን ልጅዎ